አልጋነሽ ያባረረችው ረሃብ

አልጋነሽ ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ሐኪም ያዘዘላትን የክብደት መቀነሻ መርፌ ከፍሪጅ ታወጣለች፣ ሆዷን በአልኮል ትጠርጋለች፣ ትወጋለች። ሐኪሙ «ልብዎ ይህን ሁሉ ሥጋ ተሸክሞ ሁለት ዓመት አይሄድም» ካላት ወዲህ አንድም ሐሙስ አላለፋትም። ሐዋሳ የምትኖረው ልጇ ረድኤት የአራት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ አልጋነሽ ደግሞ የልጅ ልጇን ሳትታቀፍ የምትሞት ሴት አይደለችም፣ አለቀ።

በስድስተኛው ሳምንት ረሃቡ ጥሏት ሄደ። ዕድሜ ልኳን ሲጎተጉታት የኖረው ነገር ጭጭ ሲል ደስታዋ ወሰን አጣ። የዚያኑ ዕለት ቀትር ላይ ግን፣ ቤቱ ውስጥ ከሷ በቀር ማንም ሳይኖር፣ ከወጥ ቤት የድስት ክዳን ቀስ ብሎ ሲነሳ፣ ከዚያም አንድ ሰው አፉን ሳይገጥም ሲያላምጥ ሰማች። ስትገባ ድስቱ ተልሶ ጸድቷል፤ አየሩ ቅቤና ላብ ይሸታል። መጀመሪያ ራሷን ጠረጠረች፤ የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባላልና።

በማግስቱም ተደገመ፣ በሳልስቱም። ቅዳሜ ትንሿን ምሳዋን ይዛ ተቀምጣ ሳለ፣ ማላመጡ ከበሩ ጀርባ መጣ። እናቷ እንዳሳደገቻት ምላሷ ቀደማትና «እንብላ!» አለች።

ማላመጡ ቆመ። ወለሉን የሚያስጮህ ከባድ እርምጃ ወደ ገበታው ቀረበ፣ ከጎኗ ያለው ወንበርም ሲጢጥ አለ። ዞራ ለማየት አንገቷ እምቢ አላት። በዓይኗ ጠርዝ የያዘችው ሰፊ ጭን ላይ የተወጠረ ቀሚስ ብቻ ነው፤ ባለፈው ወር ሰፍቷት ለነዳያን የሰጠችው የራሷ ቀሚስ።

«አውቄሻለሁ፣ ያ ረሃቤ ነሽ» አለች። «ሃምሳ ዓመት ቀልቤሻለሁ፣ ይበቃሻል! ቤቱን ብታፈርሺው መርፌዬን አላቆምም። ውጪልኝ!»

አልወጣችም። አልጋነሽም አላቆመችም፤ ማን ሞኝ አለ? እሷ በከሳች ቁጥር ወንበሩ ይበልጥ ይጮህ ጀመር። የሰፈሩ ባለሱቅ ሦስት ጊዜ ጠርታው እንዳላያት ሁሉ ሌላ ሰው ሲያስተናግድ፣ ጥጋብ ነው ብላ ናቀችው።

በወሩ ረድኤት ልትጠይቃት መጣች። አልጋነሽ እጇን ዘርግታ በሩ ላይ ቆመች፤ ልጅቷ በአጠገቧ አልፋ ወደ ገበታው ሄደች። «ረድኤት! እዚህ ነኝ እኮ!» ብላ ጮኸች፣ ትከሻዋን ይዛ ወዘወዘቻት። ረድኤት ብርድ እንደነካው ሰው ነጠላዋን ሰበሰበች፣ እጇን ታጥባ ተቀመጠች፣ አንድ ትልቅ ጉርሻም ጠቀለለች።

«እማዬ፣ በሞቴ!» አለች ጉርሻውን ወደሚጮኸው ወንበር እየዘረጋች፤ «ሐኪሙን ሰምተሽ ትከሺብኛለሽ ብዬ እንዴት ፈርቼ ነበር መሰለሽ።»