ሦስት ሰው በአንድ ወረቀት

ሁለተኛው ጥፊ ልጁን ከመጸዳጃ ቤቱ ግድግዳ ጋር አጋጨው። የመጀመሪያው ለትንሽ ወንድሙ የተሰነዘረ ነበር፤ መሀል ገብቶ እሱ ቀመሰው።

«በእናንተ ጦስ አውሮፕላኑ አመለጠን» አለ አጎታቸው። ፍተሻው ላይ የፈታውን ቀበቶ እጁ ላይ ጠቅልሎታል። «ሆቴል እንግባ ብቻ፣ ቆዳችሁን ነው የምገፈው።»

ጥፋታቸው ይህ ነው፦ ትንሹ ሱሪው ላይ አመለጠው፣ ትልቁ ሊያጥበው ወሰደው፣ እስኪመለሱ መንገድ ላይ የሚቀይሩት አውሮፕላን የመሳፈሪያ በር ተዘጋ። እናታቸው ከምትሠራበት አገር «ልጆቼን አምጣልኝ» ብላ አደራ ያለችው ደግሞ ይህንኑ ወንድሟን ነው። ሰውዬው ዝቶ የተወው ነገር የለም፤ ልጁ ያንን ጠንቅቆ ያውቃል። ፈርቷል።

ተሰልፈው ተራቸው ሲደርስ የኢሚግሬሽን ሠራተኛዋ በመስታወቱ መስኮት አየቻቸው።

«ቪዛ ስለሌላችሁ እስከ ነገ ጊዜያዊ የመግቢያ ፈቃድ እሰጣችኋለሁ። ፓስፖርታችሁ እኛ ጋ ይቆያል። ቤተሰብ በአንድ ወረቀት ነው የሚጻፈው፤ አብራችሁ ወጥታችሁ አብራችሁ ትመለሳላችሁ።» ከዚያ ወደ ልጁ ዞረች። «ከንፈርህን ምን ሆንክ?»

«በር ገጭቶት ነው» አለ አጎትየው እየሳቀ። «ጎረምሳ አይደል፣ ሲሄድ መች ያያል።»

ከመስኮቱ በታች ግን የትንሹን ጣቶች ይዞ ወደ ኋላ ያጥፋቸው ነበር። ትንሹ ትንፍሽ አላለም። ትልቁን ያንገበገበው ዝምታው ነው፤ በሰባት ዓመቱ ዱላን ችሎ መቀበል ለምዷል።

«እኔንና ወንድሜን አይጻፉን» አለ ትልቁ። «ከኤርፖርቱ አንወጣም።»

የቀበቶው ዘለበት ቅንድቡን ሰነጠቀው። ተሰላፊው ተንጫጫ። ሁለት ጥበቃዎች ሰውዬውን በደረቱ ደፍተው ክንዱን ሲጠመዝዙት እየተራገጠ የአንዱን ጥበቃ ጥርስ አረገፈ።

«አንተ ከሀዲ» አለ ከወለሉ። «የቤት ገበና አደባባይ ይወጣል? እናትህን ምን ልትላት ነው? ቀልጄ ነው በላት።»

ጥበቃዎቹ ሰውዬውን ሲወስዱት ሠራተኛዋ ከመስኮቷ ወጥታ ለልጁ ፎጣ ሰጠችው። «ያለ አዋቂ ላስወጣችሁ አልችልም። እዚህ አልጋ የለም፤ ያለው የብረት ወንበር ነው። አስበህበታል?»

«አስቤበታለሁ።»

ወንድሙን አቅፎ ከመስኮቷ ፊት ለፊት አስተኛው። «አይዞህ ጎረምሳው» አለው። ከዚያ ሠራተኛዋን ስልክ እንድታውሰው ለመናት፤ እናቱ ከወንድሟ አፍ ከመስማቷ በፊት ከእሱ እንድትሰማ ፈልጎ ነበር።