ሽማግሌው ዘይት ሲተፋ

ዘይቱ ተፈናጥሮ ሲወጣ ቃሪያ የሚሏት ልጅ የሞተር ሳይክሉን ሞተር ለማጥፋት ተወርውራ ነበር፤ አልደረሰችም። ጥቁሩ ዘይት ከሞተሩ ጎን ዘለለና በኮሪደሩ ገመድ ላይ ተተኩሰው የተሰቀሉትን ነጭ የነርስ ጋውኖች አዥጎረጎራቸው። አንዱን ብቻ ቢሆን እሰየው፤ ሦስቱንም አዳርሷል።

አባቷ ከስፌት መኪናው ተነስቶ መጣ። ሜትሩ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ጋውኖቹን አየ፣ ሞተር ሳይክሉን አየ፣ በመጨረሻ እሷን አየ።

«አጥብቄዋለሁ አላልሽኝም?»

«አጥብቄዋለሁ! ደግሞ እዚህ ልብስ እንደምትሰቅል መቼ ነገርከኝ?»

«በገዛ ቤቴ ልብስ ለመስቀል አንቺን ላስፈቅድ?»

ነገሩን ያከፋው የጋውኖቹ ባለቤት በዚያችው ደቂቃ በሱቁ በር መግባታቸው ነው። የክሊኒኩ ዋና ነርስ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ሲስተር ነው የሚላቸው። አባቷ ደንበኛ ፊት ሲሆን ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነበር። ዛሬ ግን ከፍ አደረገው።

«ይቅርታ ሲስተር፣ የእኔ ጥፋት አይደለም። ልጄ ናት። አጥብቄዋለሁ፣ ቀይሬዋለሁ፣ ሁለተኛ አይፈስም ትለኛለች። ባለፈው ሳምንትም ይህንኑ ነው ያለችኝ። ሳትሠራ ሠራሁ የምትል ውሸታም ሆናብኛለች። እጇ አይረባም፤ አፏ ግን ምላጭ ነው።»

ሲስተር አዘኔታ በተቀላቀለበት ዓይን አዩዋት። ቃሪያን ከስድቡ በላይ ያንገበገባት ይህ አስተያየት ነው። እኚህ ሴትዮ ነገ መንገድ ላይ ሲያገኟት «ያቺ ውሸታሟ ልጅ» ብለው ሊያስቧት ነው። ደሟ ፈላ። ጋውኖቹን ለማውረድ እጇን ብትዘረጋ አባቷ ነጠቃት።

«ተይው! በዚያ እጅሽ ደግሞ!» አለና ወደ ሲስተር ዞረ። «ከሰዓት በኋላ ታጥበው ተተኩሰው ይጠብቁዎታል።» ከዚያ መልሶ ወደ እሷ፤ «ይህን ጉድ ነገ ጠዋት ብረት ሰብሳቢው መጥቶ ይወስደዋል። ጨርሻለሁ።»

ጉድ የተባለው ሽማግሌው ነው። አሮጌውን ሞተር ሳይክል እንዲህ ብሎ የሰየመው የእናቷ አባት ነበር። እድሜውን ሙሉ ነድቶት፣ እድሜውን ሙሉ ጠግኖት፣ ሲሞት ለልጅ ልጁ ትቶላት ሄደ። የቤታቸው ፊት ለፊት የአባቷ የልብስ ስፌት ሱቅ፣ ጀርባው ደግሞ መኖሪያቸው ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ይህ ጠባብ ኮሪደር ብቻ ነው። ሽማግሌው ሌላ መቆሚያ ስለሌለው የጨርቅ ጥቅሎቹ ካሉበት መደርደሪያ ሥር ይቆማል። ዘይትና ነጭ ጨርቅ በአንድ ኮሪደር! አባቷ የታገሠው በአንድ ቃል ነበር፤ ዘይት ካላንጠባጠበ ይቀመጣል፣ ካንጠባጠበ ይወጣል።

ቃሪያ የትምህርት ቤት እረፍቷን በሙሉ ለዚህ ቃል ሰዋችው። ጓደኞቿ ሲዞሩ እሷ የሞተሩን የጎን ክዳን ትፈታለች። በሁለቱ ብረቶች መካከል ገብቶ ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደውን ወረቀት፣ መካኒኮች ጓርኒሲዮን የሚሉትን፣ አሮጌውን በምላጭ ትፍቅና ከወፍራም ወረቀት አዲስ ትቆርጣለች። አቆራረጡን ያስተማራት ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን አባቷ ነው። ትንሿን መቀስ ሰጥቷት «ጥምዙ ጋ ስትደርሺ መቀሱን ሳይሆን ወረቀቱን አዙሪው» እያለ አብሯት ተቀምጦ ነበር። ደስ የሚሉ ቀናት ነበሩ። አሁን ትዝ ሲሏት የባሰ አናደዷት።

ሽማግሌው ያኔ ደረቅ ብሎ ነበር። ትምህርት ከተከፈተ በኋላ ግን ድንገት ማንጠባጠብ ጀመረ። መጀመሪያ ከጎኑ፣ እሱን ስትጠግን ከላይ፣ የላዩን ስትጠግን እንደገና ከጎኑ። ግራ ስለገባት አባቷን ጠይቃው ነበር።

«አባዬ፣ እኔ ሳልኖር ሞተሩን ነክተኸዋል እንዴ?»

«እኔ ከብረት ጋር ምን አለኝ? እኔ የማውቀው ጨርቅ ነው» ብሎ ስቆ ነበር ያለፈው።

አሁን አባቷ ጓሮ ሆኖ ጋውኖቹን በሳሙና ሲያሽ ይሰማታል። እሷም ኮሪደሩ ውስጥ ቁጢጥ ብላ የጎን ክዳኑን ብሎኖች አንድ በአንድ ሞከረቻቸው። አንድም የላላ የለም። አንድም!

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አጥብቄዋለሁ!» አለች ለማንም ሳይሆን፤ ቁልፉን ወለሉ ላይ አጮኸችው።

«ኧረ ወለሉን አትግደይው!» አጎቷ በጓሮው በር ገባ። የእናቷ ታናሽ ወንድም ነው፤ የቧንቧ ሠራተኛ። በዓለም ላይ የሚፈስ ነገር ሁሉ ቢጠብቅ ይቆማል ብሎ ያምናል። ቃሪያ ብሎ የሰየማትም እሱ ነው፤ ስትቆጣ አጠገቧ ያለ ሁሉ ያስነጥሳል ብሎ። «ምን ሆነሽ ነው እሳት ጎርሰሽ እሳት የለበስሽው?»

ነገረችው። ሲስተር ፊት ውሸታም መባሏ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተሰበረባት፤ በዚያም ተናደደች።

አጎቷ አጠገቧ ተቀመጠ። ክዳኑን ፈታ ስታነሳው ወረቀቱ ተቀዶ ተንጠልጥሏል።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል ነበር» አለ። «ያንቺ ወረቀት ለቀቀ።»

«አልሳቅኩም።»

«አይቻለሁ።»

ቃሪያ የተቀደደውን ወረቀት ወደ ብርሃን አወጣችው። የተቀደደው በአንድ ቦታ ነው፤ ዳሩ ወደ ውጭ ተገልብጧል። አቆራረጧ ላይ አንድም ግድፈት የለም። ከውስጥ የሆነ ነገር ገፍቶት ነው እንጂ በራሱ እንዲህ አይሆንም። ምን ይገፋዋል? ሰሞኑን ሞተሩን አጥፍታ የዘይት መሙያውን ክዳን ስትከፍት ፊቷ ላይ «ፉፍ» እያለ የሚወጣው ትኩስ አየር ትዝ አላት። ሙቀት ነው ብላ ንቃው ነበር። ግን እኮ እረፍቱን ሙሉ ስትሠራ አንድም ቀን ፉፍ ብሎ አያውቅም!

«አጎቴ፣ ይሄ ሞተር መተንፈሻ ቱቦ አለው አይደል?»

«እኔ ስለ ውሃ ጠይቂኝ።»

ቱቦው አለ። ከሞተሩ ጀርባ የሚነሳ ቀጭን የጎማ ቱቦ ነው፤ በባትሪው ሳጥን ኋላ ተጠማዝዞ ወደ ኋላው ጎማ ይወርዳል። ሞተሩ ሲሠራ ውስጡ የሚታመቀው አየር በዚያ ይወጣል፤ ትንሽ የዘይት ወዝም ይዞ ይወጣል። ቃሪያ ወለሉ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ በጣቷ እየዳበሰች እስከ ጫፉ ሄደች። ጫፉ ክፍት መሆን ነበረበት። ድፍን ነው።

በፒንሳ ይዛ ሳበችው። እምቢ አለ። እግሯን የሽማግሌው ጎማ ላይ ተክላ እንደገና ስትስበው ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ። አውራ ጣት የምታህል የእንጨት ቁራጭ ናት፤ ቱቦው ውስጥ ጥብቅ እንድትል ዙሪያዋን ክር ተጠምጥሞባታል። ሰማያዊ፣ ሰም የተቀባ ክር፤ አባቷ የካፖርት ቁልፍ የሚሰፋበት። ማሰሪያውም የእሱ ነው፤ ሁለት ዙር ተጠልፎ በአጭሩ የተቆረጠ። በዚህ ሰፈር እንዲህ የሚቋጥር ሌላ ሰው የለም።

አጎቷ ቁራጯን ተቀብሎ አገላበጣት። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«ሰፋው! ሞተሩን ሰፋው! ሲያንጠባጥብበት ጊዜ አፉን ሰፍቶ አረፈ! ወይኔ፣ ይቺን እንኳ ለአንድ ዓመት እበላባታለሁ።»

ቃሪያ አልሳቀችም። ያንገበገባት ቱቦው መወተፉ እንኳ አይደለም፤ ወዙ ጨርቁ ላይ እንዳይደርስ ብሎ እንደወተፈው ይገባታል። አየሩ መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በየስንጥቁ እንደሚገፋው አላወቀም፤ ይሁን። ግን ጠይቃዋለች! ነክተኸዋል ወይ ብላ ዓይን ለዓይን እያየችው ጠይቃዋለች። ስንቴ እንደ አዲስ ፈታ ገጠመች! ስንቴ «እጄ ነው የማይረባው ማለት ነው» ብላ ተኛች! ውሸታም ማን ነው እንግዲህ?

«ቆይ ብቻ፣ ሴትዮዋ ይምጡ» አለ አጎቷ እንባውን እየጠረገ። «እኔ ነኝ የምነግራቸው። ሲስተር፣ እዚህ ቤት ሞተርም ልክ ይለካል እላቸዋለሁ። አይ፣ አይ፣ ጠብቂ፣ የተሻለ አለኝ...»

መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር። አባቷ ይቅለል፣ ፊቱ ይቅላ፣ የነገር መርፌ ይቅመሰው ብላ ተመኝታለች። አጎቷ ግን ወጉን አንዴ ሞከረው፣ ደገመው፣ አሳመረው፤ በየጊዜው ሌላ ነገር ሲጨምርበት እሷ የምትጠቀስበት ቦታ አልነበረም። ሁለቱ አማቾች ከድሮም ሲነካከሱ የኖሩ ናቸው። ወጉ ከወጣ ሰው ሁሉ በአባቷ ይስቃል፤ ጠዋት የተባለችውን ግን ማንም አያነሳላትም።

ከሰዓት በኋላ ሲስተር ሲመጡ አባቷ ጋውኖቹን አጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ እያኖረ ነበር። አንደኛው ጠርዙ ላይ ቢጫ ጥላ ቀርቶበታል።

«ይቺ አልለቀቀችም፤ በራሴ ጨርቅ ሌላ እሰፋልዎታለሁ» አለ። «ምን ላድርግ ሲስተር፣ እንደነገርኩዎት ልጅቷ...»

ቃሪያ እጇን እንኳ ሳትታጠብ ገባች። ቁራጯን ከካውያው አጠገብ አኖረችለት።

«አባዬ፣ ዘይቱን የገፋውን አገኘሁት።»

አባቷ ክሩን አየ። ጋውኑን ያጥፍ የነበረው እጁ ባለበት ቆመ። ከኋላዋ አጎቷ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ሲስተር፣ አንድ ወግ ላጫውትዎት...»

«አጎቴ፣ ዝም በል!» ሳትዞር ነው የጮኸችው። «ይሄ ያንተ ወግ አይደለም።»

እንዲህ ብላው አታውቅም።

«ኋላ እናወራለን» አላት አባቷ በዝግታ።

«አሁን። ውሸታም ያልከኝ እሳቸው ፊት ነው። ለእሳቸው አንተው ንገራቸው፤ እኔ አልናገርም።»

አባቷ ቁራጯን አንስቶ ቅርጫት ውስጥ ቢጥላት፣ ይሄ ደግሞ ምንድነው ቢል፣ ምን እንደምታደርግ አታውቅም። ሲስተር አንዴ እሱን አንዴ እሷን ያያሉ። አባቷ ቁራጯን በጣቶቹ መካከል አዞራት፤ ቋጠሮውን በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገው።

«ሲስተር» አለ በመጨረሻ፣ «ጠዋት ልጄን ውሸታም ብያት ነበር። አልዋሸችም። ይህችን ቱቦው ውስጥ የወተፍኳት እኔ ነኝ፤ ዘይቱ የገነፈለው በዚህ ነው።» ቆም አለና ማንም ያልጠየቀውን ጨመረ። «ያኔ ስትጠይቀኝም አልነካሁም ብያታለሁ።»

ሲስተር ጋውኖቹን ክንዳቸው ላይ አደረጉ።

«ታዲያ ለእኔ ምን ይነግሩኛል? ለእሷ ይንገሯት እንጂ» አሉና ወጡ።

ቃሪያ ወደ ኮሪደሩ ተመለሰች። ያሸነፈች መስሏት ነበር፤ ነገር ግን ንዴቷ አልበረደም። ትንሽ ቆይቶ አባቷ መጥቶ ከኋላዋ ቆመ። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ እጁ ላይ ይጠቀልላል፣ ይፈታል።

«ብረት ሰብሳቢውን አትምጣ እለዋለሁ።»

«እህ።»

«ጠብታውስ? ክፍት ከሆነ ጨርቁ ላይ...»

«ጫፉ ላይ ጠርሙስ አንጠለጥልበታለሁ። ብትነግረኝ ኖሮ ያኔውኑ አደርገው ነበር!»

አባቷ መለስ ብሎ መደርደሪያውን አየ፣ ወለሉን አየ።

«ይቅርታ» አለ።

በዚህ ቤት ይቅርታ ሲባል መልሱ የታወቀ ነው፤ «ምንም አይደለም» ይባላል። ቃሪያም ከልጅነቷ ጀምሮ ስትል ኖራለች። ቃሉ አሁንም ምላሷ ጫፍ ድረስ መጣ። ግን ምንም አልነበረም እንዴ? ነበረ እንጂ! ቃሉን ዋጠችው።

«ገና ተናድጃለሁ፣ አባዬ።»

«እሺ።»

«ነገም ልናደድ እችላለሁ።»

«እሺ» አለ አባቷ። አልሄደም። ለምን አልሄድክም ብላ ልትጮህበት ዞር አለች፤ ፊቱን ስታይ ተወችው። መሬት ላይ የነበረውን የእጅ ባትሪ አንስታ ሰጠችው።

«ያዝልኝ። ወደ ታች፣ እዚህ ጋ» አለችው ሽማግሌው ሥር እየተንጋለለች። «ደግሞ ምንም እንዳትነካ።»

አባቷ ኮሪደሩ ላይ ተንበርክኮ አበራላት።