መኪናዋ እንዳትለወጥ

ሞት አንዴ ደጁን የለመደው ቤት ምን ይተርፈዋል? አዛውንቱ ሚስታቸውን ከቀበሩ ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው አንድያ ልጃቸውን ቀበሩ። ዕድሜ ልካቸውን የጭነት መኪና ሲያሽከረክሩ የኖሩት ብርቱ ሰው ዛሬ ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሎ በከዘራ ያነክሳሉ። የቀሯቸው ነርሷ ምራታቸውና የስድስት ዓመት የልጅ ልጃቸው ብቻ... እና ግቢው ውስጥ የቆመችው የሟች ልጃቸው መኪና!

አንድ ቀን ምራታቸው፣ “አባባ፣ መኪናዋን በሌላ ልለውጣት ነው፤ ከአንድ የመኪና ነጋዴ ጋር ተስማምቻለሁ” አለቻቸው።

“ደግ” አሉ። ብቻቸውን ሲሆኑ ግን ማሰላሰል ጀመሩ። ወጣት ናት፤ ባሏ የለም፤ ምን ያስቀራታል? ዛሬ መኪናዋን፣ ነገ ሰፈሩን ለውጣ፣ ልጇን ይዛ እብስ! እሳቸውስ ከግድግዳ ጋር እያወሩ ሊሞቱ ነው?

ከዚያን ዕለት ጀምሮ መኪናዋ ታመመች። ጠዋት ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ይንገራገራል እንጂ አይነሳም። ነጋዴው፣ “በሽታዋ ሳይታወቅ አልረከብም” አለ። መካኒክ መጣ። ካንዴላ ቀየረ፣ ባትሪ ለካ፣ የነዳጅ ማጣሪያ ፈታ። እሱ ሲነካካት ትነሳለች፤ ሲነጋ ያው በገሌ!

“አኩርፋለች መሰለኝ” አለ በሦስተኛው ቀን ላቡን እየጠረገ። “መካኒክ ትታችሁ አስታራቂ ሽማግሌ ፈልጉላት!”

ምራቲቱ ሳቀች። አዛውንቱ ግን አቀርቅረው ወደ ቤት ገቡ።

በአራተኛው ቀን መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ ተከተለ። ለሞተሩ የእሳት ብልጭታ ከሚሰጠው ኮይል የምትወጣው ሽቦ በጎማ ሽፋኗ ሥር ከቦታዋ ሾልካለች፤ እስከዛሬ ሌላውን ሲነካካ ሳያውቀው ይመልሳት ኖሯል።

“ይህቺ በራሷ አትወልቅም፤ የሚነቅላት ሰው አለ” አለ።

የምራቲቱ ዓይን በረንዳው ላይ ወደተቀመጡት አማቷ ሄደ። ጣቶቻቸው ግሪስ በግሪስ ነበሩ። መካኒኩ ነገሩ ገባውና ውሃ ልጠጣ ብሎ ራቅ አለ።

“እኔ ነኝ ልጄ...” አሉ። “እንዳትሄጂብኝ ብዬ ነው። በስተርጅና ቀጣፊ ሆንኩ!”

“የት ልሂድ አባባ?” እግራቸው ሥር ቁጭ አለች። “እዚች ዝቅ ያለች መኪና ውስጥ መግባት አቅቶዎት ከሐኪም ቤት ከቀሩ አራት ወርዎ! ከፍ ያለች፣ በሯ ሰፊ የሆነች ያገኘሁት ለእርስዎ ጉልበት እኮ ነው። ድንገት ላስደስትዎ ብዬ ዝም አልኩ እንጂ...”

ወይ ጉድ! ልጃቸው ሲቀበር ደርቆ የቀረው እንባ ያን ጊዜ ወረደ። ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ፤ ሽቦዋን በገዛ እጃቸው ቦታዋ አስገቡና፣ “በይ አስነሻት” አሉ።

በሳምንቱ መኪናዋ ተለወጠች። በአዲሷ መኪና ከፊት ተቀምጠው ሐኪም ቤት ሲደርሱ ግን ክፉ ወሬ ጠበቃቸው፤ ሕመሙ ከጉልበት አልፎ አጥንታቸውን በልቶት ነበር። ምራታቸው ስምንት ወር አስታመመቻቸው። አጠበቻቸው፣ አጎረሰቻቸው፣ የልጅ ልጃቸው እግራቸው ሥር ተረት አነበበችላቸው። አንድ ከሰዓት በኋላ የምራታቸውን እጅ ይዘው፣ “ልጅ አልሞተብኝም ለካ...” አሉና በዚያው አንቀላፉ።

ዕድል ጨካኝ ናት፤ የወለዱትን ከጉያ ትነጥቃለች። ግን አንዳንዴ፣ ማን ያውቃል፣ እሷም አንጀቷ ይላወስና ያልወለዱት ልጅ እጅ ላይ ታሳርፋለች።