የሚታጠብ ስም

ትርርርርር… አለ ከተዘጋው የላቦራቶሪ በር ጀርባ።

ጎረቤቱ ሙሐሲን ሱቁ ደጃፍ ላይ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ፊቱን አጨማደደ። «ይኸው! ጓደኛሽ በጠዋቱ ጀመረ። ዛሬ ደግሞ በምን ሽታ ሊፈጀኝ ነው?»

ሀኒ ሳቀች። ሱቁ ሲከፈት ጀምሮ እዚያው ተቀምጣ ፓስቲዋን ትገምጥ ነበር። ደወሉ ጮኾ ሲያበቃ ግን የሰው ኮቴ አልተከተለውም። ተነስታ አንኳኳች። «ደቤ!» በቁልፏ ከፈተች፤ ጮኸች።

የሥራ ጓደኛዋ ደበበ ከጠረጴዛው ሥር በጀርባው ተዘርግቷል። አጠገቡ የማጠቢያ ፈሳሽ ጠርሙስ ተሰብሮ ቤቱን ራስ የሚያዞር ሽታ ሞልቶታል።

ኢንስፔክተር ጥሩብርሃን ስትደርስ ቡና የጫኑ መኪኖች ዲላን እያጓሩ ያቋርጡ ነበር። መጀመሪያ መስኮቱን አስከፈተች። ቀጥላ ተንበረከከችና የሟቹን መንጋጋ ነካች፤ እንጨት ሆኗል። ከጭንቅላቱ ኋላ ያለውን እብጠት ዳሰሰች፤ የጠረጴዛውን ጠርዝም አየች።

«ሽታው ነው የገደለው» አለ ዶክተር ሲላስ ከበሩ ላይ። የጥናቱ ኃላፊና የሟቹ የእህት ባል ነው። ወናጎ ዘመድ ቤት አድሮ ገና ከሚኒባስ መውረዱ መሆኑን ተናገረ። «መስኮት ክፈት ስለው ኖሬ! ጨለለቅቱ አንድ ቤት ነው ያደግነው፣ ኢንስፔክተር። እኔን ያሳደገችኝ የሱ እናት ናት።» እንባው የእውነት እንባ ነበር።

ጥሩብርሃን ሀኒን ለብቻዋ አስቀመጠቻት። «የኔ ልጅ፣ እዚህ ምን እንደምትሠሩ ለእኔ ቢጤ መሃይም አስረጂኝ።»

«ከጤነኛ ሰው ትልቁ አንጀት ቅንጣት ሥጋ ይወሰዳል። ሕዋሳችን ሲባዛ ዲኤንኤው ላይ ስህተት ይሠራል፤ ያንን ተከታትለው የሚጠግኑ ፕሮቲኖች አሉ። ሥጋውን በስሱ ቆርጠን መስታወት ላይ እንለጥፍና ቀለም እንነክረዋለን። ጠጋኞቹ ያሉበት ቡናማ ይሆናል፤ የሌሉበት ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል።»

«ሰማያዊ ቢገኝስ?»

«ሰውየው ዛሬ ደህና ነው። ግን ጠጋኝ የለውማ፣ ውሎ አድሮ ካንሰር ሊሆንበት ይችላል። በዘርም ይወረሳል። ቀድሞ ያወቀ እየተመረመረ ይተርፋል።» ትከሻዋን ነቀነቀች። «በኛ ጥናት ግን አንድም አልተገኘም። ዶክተር ውጭ አገር የተጠሩትም ይህንን «አንድም የለም» የሚል ውጤት ይዘው ነው፤ አንድ ቢገኝ ጥሪው ይቀር ነበር።»

«ሥጋውን የሰጠው ማነው?»

«ፈቃደኛ ሲጠፋ እኛው ሰጠን! እኔ፣ ደቤ፣ የዶክተር ባለቤት ኤልቤቴልም። አጥበን ስንጨርስ ዶክተር መስታወቱን ሳጥናቸው ውስጥ ይቆልፉታል፤ ውጤቱን የሚያነቡት እሳቸው ብቻ ናቸው።»

«ከደበበ ጋር ተኳርፋችሁ ነበር ይባላል።»

«የአዲስ አበባውን ሥልጠና ለሱ ስለሰጡት ነው። ለሥልጠና ሰው ይገደላል እንዴ?»

ሙሐሲን ሳይጠየቅ ጀመረ። «አልዋሽም፣ ዝቼበታለሁ። ሽታው ስኳሬ ውስጥ ገባ፤ ሻዬ ነዳጅ ነዳጅ አለ! ግን ወላሂ ለአፌ ነው።»

«ሀኒስ?»

«ሱቁን ስከፍት መጣች፤ ደወሉ እስኪጮኽ ከአንድ ሰዓት በላይ ከዓይኔ አልራቀችም።»

ጥሩብርሃን የዶክተሩን ሳጥን አስከፈተች። መስታወቶቹ እንደ መጻሕፍት ተደርድረዋል፤ ስሞቹ በግራጫ እርሳስ ተጽፈዋል። ዓይኗ ሁለት ቦታ ላይ ቆመ። ክዳኑን በቀስታ መለሰችው። ከዚያ ደወሉን አነሳች፤ በእጅ ሲጠመዝዟት ደቂቃ ቆጥራ የምትጮኽ የወጥ ቤት ደወል ናት።

«ይህች ለምንድን ነው የምትጮኸው?»

«መስታወቱን ከማጠቢያው አውጡ ለማለት» አለች ሀኒ።

ኢንስፔክተሯ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ክዳናም የማጠቢያ ብልቃጥ ጎንበስ አለች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበች። ኤልቤቴል ጥቁር ነጠላዋን እንደለበሰች መጣች። «የወንድሜን ለቅሶ ጥዬ ነው የመጣሁት፤ ቶሎ ይበሉ።»

ጥሩብርሃን ለሀኒ፣ ለሙሐሲንና ለሲላስ ባዶ መስታወት አደለች። «ስማችሁን ጻፉበት።»

ሀኒ እርሳስ አነሳች። ሙሐሲን ከጆሮው ላይ እርሳሱን መዘዘ። ሲላስ ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አወጣ። ጥሩብርሃን ሦስቱንም ሌላ የማጠቢያ ብልቃጥ ውስጥ ነከረቻቸው። ሲወጡ የሁለቱ ስም እንዳለ ነው። የሲላስ ግን ሰማያዊ ጭረት ሆኖ ፈሰሰና ጠፋ።

«ለዚህ ነው እዚህ የሚሠራ ሰው በእስክሪብቶ የማይጽፈው። ሳጥኑ ውስጥ ያለው የደበበ ስም ግን በእስክሪብቶ ነው። የራሱ መስታወት ተነስቷል፤ የሌላ ሰው ስም ተፍቆ፣ የሱ ተጽፎበት ቦታው ገብቷል። ይህን ያደረገ ሰው አጥቦ አያውቅም።»

«እስክሪብቶ የያዘ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ነው?» አለ ሲላስ።

«ደወሏን ያስቧት፣ ዶክተር። ከአንድ ሰዓት በላይ አትጠመዘዝም። ሟቹ ግን ደርቆ ነው ያደረው፤ ሙት ደግሞ ደወል አይጠመዝዝም። ማለዳ ቁልፍ ያለው ሰው በጓሮ በር ገብቶ ጠመዘዛት፤ ደበበ ጠዋት ሲሠራ የሞተ እንዲመስል። ቁልፉ ያለው በሦስት ሰው እጅ ነው። አንዱ ሞቷል። ሀኒ ሙሐሲን ፊት ነበረች፤ ሙሐሲን ደግሞ ለዚህ ቤት ሰው ብሎ አይዋሽም።»

«እሱስ እውነት ነው» አለ ሙሐሲን።

«ደወሏ ለምን እንደምትጮኽ ቢያውቁ ኖሮ ብልቃጡን ይከፍቱ ነበር። ደበበ ጠርጥሮ የራሱን ሥጋ እንደገና ቆርጦ ቀለም ነክሮታል። መስታወቱ ብልቃጡ ውስጥ አደረ፤ ስሙ በእርሳስ ነው።»

ሀኒ መስታወቱን ማይክሮስኮፑ ላይ አደረገችው። ኤልቤቴል አጎነበሰች።

«ቡናማ ነው… ሁሉም ቡናማ…» መስታወቱን ትንሽ ገፋች። በበራው ከተማ መካከል መብራት የሄደበት አንድ ሰፈር ይታያታል፤ ሰማያዊ። «አባባን የገደለው… የአንጀቱ ካንሰር…»

ሲላስ ወንበር ላይ ወደቀ። «ልገድለው ብዬ አልነበረም። "ዛሬውኑ ለእህቴ እነግራታለሁ" አለኝ። ያዝኩት፤ ገፈተረኝ፤ ገፋሁት…»

ኤልቤቴል ወደ እሱ አልዞረችም። «ሳጥኑን ይክፈቱልኝ» አለች ጥሩብርሃንን።

ኢንስፔክተሯ አመነታች፤ ከፈተች።

ኤልቤቴል በጣቷ እየቆጠረች ሄዳ ስሟ ያለበትን መስታወት መዘዘች። «ኤልቤቴል» ይላል፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ። በሠርጋቸው ቀን መጽሐፍ ቅዱሷ ላይ ስሟን የጻፈላት ያው እጅ፣ ያው የተቆለመመች «ል»።

«ኤልቤ…» አለ ሲላስ።

መስታወቱን ጉልበቱ ላይ አኖረችለት። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። የለቅሶው ድንኳን በግራ በኩል ነበር፤ እሷ ወደ ቀኝ፣ ወደ ሆስፒታሉ ታጠፈች።