ለመንገድ የተሰጠ ጀርባ

ኔሬይዳ ጉሮሮዋን ጠርጋ መጽሐፉን ስትገልጥ፣ ኤሊሴዮ ከመስኮቱ ውጭ በተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጦ እሷን እሷን እያየ ነበር። አራተኛው ምዕራፍ ዛሬ ነው።

በኩባዋ ፒናር ዴል ሪዮ ከተማ ሲጋር የሚጠቀልል ሰው እጁ እንጂ ጆሮው ሥራ የለውም። ስለዚህ ፋብሪካው አንባቢ ይቀጥራል። አንባቢዋ ኔሬይዳ ከፍ ካለው መድረክ ላይ ሆና ጠዋት ጋዜጣ፣ ቀጥላ ልብ ወለድ ታነባለች። መጽሐፉን ሠራተኞቹ እጅ አውጥተው ይመርጣሉ፤ የተጀመረ ምዕራፍ አይቋረጥም። ደስ ሲላቸው በቅጠል መቁረጫ ቢላቸው ጠረጴዛውን ያንኳኳሉ፤ ሲከፋቸው ቢላውን መሬት ላይ ይጥሉታል።

ኤሊሴዮ ወደዚህ ከተማ የመጣው ከኮማንዶ ወደ ስለላ ተዛውሮ ካገለገለ፣ ጉልበቱንም ተመትቶ ከተሰናበተ በኋላ ነው። አንድ ቀን ዝናብ የፋብሪካው ግድግዳ ሥር አስጠለለው። በመስኮቱ የሴት ድምፅ ይወጣል። ዝናቡ አባራ፤ እሱ ግን አልሄደም። በማግሥቱም መጣ።

«ዛሬ እኮ ዝናብ የለም፤» አለችው ኔሬይዳ አንድ ቀን ለምሳ ስትወጣ።

«ይመጣ ይሆናል።»

«ሰማዩን አየኸው?»

«አላየሁም። አንቺን እየሰማሁ ነበር።»

እንዲህ ተጀመረ።

እናቷ ቤት እራት ሲጋበዝ ጀርባውን ለበሩ የሚያሰጥ ወንበር ደረሰው። ይቅርታ ጠይቆ ከእናትየው ጋር ተቀያየረ። «የት ነበርክ?» ሲሉት «ሩቅ»፣ «ምን ትሠራ ነበር?» ሲሉት «የመንግሥት ሥራ» አለ። ሩዙና ጥቁር ባቄላው ሳይነካ ቀዘቀዘ።

«ልጄ፣» አሉ እናትየው ሲሄድ፣ «ትናንት የት እንደዋለ የማይናገር ሰው፣ ነገ የት ብለሽ ትፈልጊዋለሽ?»

ኔሬይዳ የሚኖርበትን ክፍል አይታዋለች፤ ያለችውን አንዲት መስኮት በቁም ሣጥን ጋርዷታል። ኤሊሴዮ ስለ ሥራው ዝም ሊል ምሏል፤ አገልግሎቱ ቢያበቃም መሐላው አላበቃም። የተፈቀደለት፣ የኖረውን ልብ ወለድ ብሎ መጻፍ ብቻ ነበር። ኔሬይዳን ሳያውቃት ጻፈው። ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ሲያገላብጠው ዓመታት አለፉ፤ መጽሐፉ የወጣው ከኔሬይዳ ጋር ከተዋወቁ በኋላ ነው። ሠራተኞቹም «የሰፈራችን ደራሲ!» ብለው በአንድ ድምፅ መረጡት።

«አስቀድመሽ አታነቢውም?» ብሏት ነበር።

«ከእነሱ ጋር ልስማው። ምነው፣ ፈራህ እንዴ?»

«አራተኛውን ምዕራፍ ዝለይው።»

«ለምን?»

«አይጥምም፤» አለ።

«እሱን እትዬ ኦብዱሊያ ይፍረዱ!» ብላ የፋብሪካውን አንጋፋ ሠራተኛ ጠርታ ሳቀች።

አሁን መድረኩ ላይ ግን አትስቅም።

«‹ሰላዩ ሴትዮዋን ለማጥመድ አልቸኮለም። ከምትሠራበት መስኮት ሥር ዝናብ የተጠለለ መስሎ ቆመ። ዝናብ በሌለበት ቀንም ተመልሶ መጣ . . .›»

አዳራሹ ውስጥ የሚጠቀልሉ እጆች አንድ በአንድ ቆሙ። የኔሬይዳና የኤሊሴዮ ፍቅር ሲጀመር ሁሉም አይተዋል። ድምፅዋ ሻከረ፤ ማቆም ግን አትችልም።

«‹ሰማዩን አየኸው? ስትለው፣ አንቺን እየሰማሁ ነበር አላት። ይህን ቃል ከማሠልጠኛ ጀምሮ ያውቀዋል።›»

ኤሊሴዮ ከውጭ ሆኖ የራሱን ዓረፍተ ነገሮች በምትወደው ድምፅ ሰማ። መሮጥም መግባትም አቃተው።

ምዕራፉ አለቀ። ማንም አላንኳኳም። አንድ ቢላ መሬት ላይ ወደቀ፤ ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ ብዙ።

«ግባ፤» አለችው በመስኮቱ።

እያነከሰ ገብቶ በጠረጴዛዎቹ መካከል ቆመ።

«እኔም የስለላ ሥራህ ነበርኩ?»

«አልነበርሽም።»

«ለመጽሐፉ ሴትዮስ ምን አልካት?»

መሐላውን አፈረሰ። «ለእሷም እንዲሁ ነው ያልኳት፤» አለ በመጨረሻ። «በእውነት የነበረች ሴት ናት፤ ዋሽቻታለሁ። አንቺን ስወድሽ የማውቀው መንገድ ያ ብቻ ነበር።»

«ይሄስ ስንተኛው ምዕራፍ ነው፣ ወንድሜ?» አለ አንዱ ከኋላ። ጥቂቶች ሳቁ።

«እስቲ ዝም በል አንተ!» እትዬ ኦብዱሊያ ሲጋራቸውን ከአፋቸው አወጡ። «ኔሬ፣ ያቺን ስለ ጀርባ የምትለዋን ድገሚያት።»

ገጹን ፈልጋ አነበበች፦ «‹ሲስቅላትም ግድግዳ ተደግፎ ነበር። ጀርባውን ለመንገድ የሰጠ ሰላይ የሞተ ሰላይ ነው።›»

እትዬ ኦብዱሊያ ቀጠሉ፦ «እኔ የምሠራው መስኮቱ ጥግ ነው። ይሄ ጅል ከመጣ ጀምሮ ፊቱን ላንቺ፣ ጀርባውን ለመንገድ ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው። በቀደም የበረዶ ሻጩ ብስክሌት ገጨው። ዞረ? አልዞረም! ‹ዝም በል፣ እየሰማሁ ነው› አለው እንጂ።»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ኤሊሴዮ ግን እጁን ወደ ማጅራቱ ሰደደ። ይህን ራሱም ልብ ብሎት አያውቅም።

ኔሬይዳ አልሳቀችም። ከመድረኩ ወርዳ መጽሐፉን ሰጠችው።

«አምስተኛውን አንተ አንብበው። የእኔ ወንበር ላይ ተቀምጠህ።»

ከወንበሩ ጀርባ ሰፊው የፋብሪካ በር አለ። ኤሊሴዮ በሩን አየ፤ እሷን አየ። ከዚያ መድረኩ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ።

ማንበብ ጀመረ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣበቀ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ከኋላው በሩ ሲጥ አለ፤ የእግር ኮቴ ወደ እሱ መጣ። ጣቶቹ መጽሐፉን ጨመቁት። ኔሬይዳ ከጠረጴዛዎቹ መካከል ቆማ ዓይን ዓይኑን ታያለች።

አልዞረም። ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር አነበበ።

መጀመሪያ ያንኳኩት እትዬ ኦብዱሊያ ናቸው።

ያን ዕለት ከኋላው የመጣው ማን እንደነበር የጠየቃት ከተጋቡ በኋላ ነው።

«እናቴ ነበረች፤» አለችው ኔሬይዳ። «ምሳ ይዛልኝ መጥታ፣ እስክትጨርስ ቆማ ሰማችህ።»