የአሥር ድሆች ምሳ

አው ዐብዱልሐኪም በቀኝ ጎናቸው ተጋድመው፣ መዳፋቸውን ከጉንጫቸው ሥር አድርገው፣ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስለው ነበር የተገኙት። ሚስታቸው ወይዘሮ ሐዲያ ለንጋቱ የሱብሂ ሶላት ሊቀሰቅሷቸው ትከሻቸውን ነካ ቢያደርጉ ቀዝቅዘዋል። በሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ ከቀሩት ጥቂት መጽሐፍ ጠራዦች አንዱ ነበሩ። ስንቱ ቁርኣን በእጃቸው ቆዳ ለብሷል!

እንደ ደንቡ አስከሬኑ ታጥቦና ተከፍኖ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ መቀበር ነበረበት። ይህን ያቆሙት የዕድሜ ልክ ጎረቤታቸው አው ዐብዱልዋሲዕ ናቸው። ከዘራቸውን እያንኳኩ ማለዳ ፖሊስ ጣቢያ ደረሱና፣ «ወዳጄን ሰው መርዞብኛል» አሉ።

ጉዳዩ ለኢንስፔክተር ሳህሉ ተሰጠ። ሳህሉ የመንዝ ሰው ነው፤ ሐረር ከገባ አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ስኳር በሽታም ከያዘው ዘጠኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት ዶክተር ኤልሳቤጥ፣ «ኮሌስትሮልህ ከፍ ብሏል፤ ከስኳሩ ጋር ሲደመር ለልብህ አያምርም። ይህን ክኒን በቀን አንድ ጀምር» ብላ አንድ እሽግ ሰጥታዋለች። እሱም እሽጉን በጃኬቱ የውስጥ ኪስ ከትቶ ይዞት ይዞራል እንጂ አልጀመረም። ልውሰድ ይላል፤ አልውሰድ ይላል። ቢወስደው ስለሚያመጣበት ጣጣ የሰማው አለ፤ ባይወስደውም የቀበራቸው ጓደኞች አሉ። ሌላውን ሰው ሁሉ መርምሮ እውነቱን የሚያወጣው ሰውዬ፣ እዚህች ክኒን ላይ ሲደርስ እንደ ሕፃን እጁ ይታሰራል።

ጠባቧን መተላለፊያ ሽቅብ ሲወጡ ሳህሉ ጠየቀ። «ምን አይተው ነው አው ዐብዱልዋሲዕ?»

«አላየሁም፤ ሰማሁ እንጂ። ባለፈው ሳምንት 'የሁሉም ቤት ቁጢ መረረኝ' አለኝ። የሚስቱም፣ የእህቱም፣ ልጁ ሱቅ የሚጠጣውም። ከዚያ እግሩ ከዳው፤ ደረጃ መውጣት አቃተው። ስልሳ ዓመት የጠጣውን ቁጢ ማን አመረረበት?»

ቁጢ የቡና ቅጠል ከወተት ጋር ፈልቶ በጨው የሚጠጣ ነው። ሳህሉም ስኳሩ ከተነገረው ወዲህ ሻይ ትቶ እሱኑ ለምዷል።

«የእርስዎ ቤት ቁጢስ?»

«የእኔማ አልመረረውም!»

«እንግዲያ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ እርስዎ ነዎት። ቀድሞ የሚጮኸውን ነው የምንጠረጥረው።»

ሽማግሌው ቆም ብለው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «አንተ ሰውዬ፣ መግደል ብችል ኖሮ መጀመሪያ ይህን ጉልበቴን ነበር የምገድለው!»

ቤቱ ሲደርሱ አስከሬኑ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ነደባው ላይ ተጋድሟል፤ ነደባ ማለት ከወለሉ ከፍ ብሎ የተሠራው፣ በቀይ አፈር የተቀባው መቀመጫ ነው። ግድግዳው ላይ የሐረር ሴቶች እንደሚያደርጉት የስፌት ሥራዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተሰቅለዋል። ሳህሉ ዓይኑን አንከራተተ። ሁሉም ላይ ስስ አቧራ አለ፤ አንዲት ባለ ክዳን ሙዳይ ላይ ግን የለም። ከሟቹ የጥረዛ መሣሪያዎች በላይ ደግሞ በሰም የታሸ ክር ተንጠልጥሏል። ክሩ ተቋጥሮ ተቋጥሮ አልቋል። በጣቱ ቆጠረው፤ ሠላሳ ስምንት ቋጠሮ። የመጀመሪያዎቹ እንደ ጠጠር የጠበቁ፣ የመጨረሻዎቹ የላሉ።

«ይህ ምንድነው እናቴ?» አላቸው ወይዘሮ ሐዲያን።

«እንጃለት። ዚክር ሲያደርግ የአላህን ስም የሚቆጥርበት ነው ብዬ ተውኩት።»

«ጠላት ነበራቸው?»

«ከራሱ በቀር ማን ጠላት አለው! ስኳር አለበት፣ ግፊት አለበት፣ ኩላሊቱም ደክሟል። ከሁለት ወር በፊት ዶክተር ኤልሳቤጥ የኮሌስትሮል ክኒን ጨመረችለት። ቤት ሲገባ ተቆጣ። 'ለስኳሩ ሦስት፣ ለግፊቱ ሁለት፤ ሆዴን ፋርማሲ አደረጉት! ሳያመኝ ደግሞ የምን ክኒን ነው?' አለና እሽጉን ግቢው ውስጥ ወረወረው። 'ወላሂ ይህ ክኒን በጉሮሮዬ አያልፍም' ብሎ ማለ። እህቱ ኑሰይባም ነበረች፣ ልጃችን ማሒርም ነበረ።»

ሳህሉ ሳያስበው እጁ ወደ ደረት ኪሱ ሄደ። ሳያመኝ የምን ክኒን ነው? ቃል በቃል እሱ ለሚስቱ ለአስቴር ያላት ነው።

«የተወረወረውን እሽግ ማን አነሳው?»

«ማታውኑ ብፈልገው የለም። ኑሰይባ ያነሳችው መስሎኝ ነበር።»

ኑሰይባ የሟቹ ታናሽ እህት ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ በዚያው ግቢ ስፌት እየሰፋች ትኖራለች። ሳህሉ ክፍሏ ገብቶ ሲቀመጥ ዓይኑ ትንሿ የነሐስ ሙቀጫ ላይ አረፈ። ሙቀጫዋ ታጥባለች፤ ጠርዟ ላይ ግን ነጭ ዱቄት ቀርቷል።

«እሽጉን አነሱት?»

«እኔ? ማሒር ያነሳው መስሎኝ! ያን ክኒንማ እኔ ራሴ እወስደዋለሁ፤ ሁለት ዓመቴ። ምን ሆንኩ? ብለምነው ብለምነው እንቢ አለኝ እንጂ!» አለችና እንባዋ መጣ። «ወንድሜ ደግ ሰው ነበር። አርባ ቀን ቢሆነው ነው፣ አሥር ድሃ ጠርቶ ምሳ አበላ። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረም።»

«አሥር?»

«አሥር። አሥራ አንደኛው ሲመጣ 'አንተ ነገ ና' አለው። ገረመኝ፤ እሱ ሰው አይመልስም ነበር።»

ሳህሉ ይህን በልቡ ያዘ።

ማሒርን በር ላይ አገኘው። የሟቹ አንድ ልጅ ነው፤ ጨርቅ ይነግዳል። አባቱ ከዙህር በኋላ ሱቁ ሄደው ከፔርሙዙ ቁጢ ይጠጡ ነበር።

«ሐኪሟ የጻፈችው ወረቀት የት ነው ያለው?»

«አይ ጋር ነው፤ እናቴ ጋር።» ልጁ ይህን ብሎ ስልኩን ከመዳፉ ወደ ኪሱ ከተተ።

«ፎቶ አንስተኸዋል?»

ማሒር ወደ ቤቱ ውስጥ ዞር ብሎ አየ። ከውስጥ ሴቶቹ ሲያለቅሱ ይሰማል። ከዚያ እየተንተባተበ፣ «ኢንስፔክተር፣ አባቴን ወደ አዲስ አበባ ለምርመራ አትውሰድብን። እንቅበረው። እባክህ» አለ።

«ምክንያቱን ከነገራችሁኝ አልወስዳቸውም። ዝም ካላችሁኝ ግን እጄ ላይ አይደለም።»

ሳህሉ ጥግ ይዞ ወደ ዶክተር ኤልሳቤጥ ደወለና የአው ዐብዱልሐኪምን መሞት ነገራት።

«ትናንት መጥተው ነበር» አለች። «የደም ውጤታቸው ገና ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ጡንቻቸው እየፈረሰ ኩላሊታቸውን ዘግቶታል። ሽንታቸው ጥቁር ሻይ ይመስላል ብለውኝ ነበር። የኮሌስትሮሉ መድኃኒት ከልክ ካለፈ፣ ኩላሊት ከደከመ ደግሞ፣ አልፎ አልፎ እንዲህ ያደርጋል። ግን እሳቸው አልጀመሩም። ጠይቄያቸዋለሁ!»

«ከእሳቸው ጋር ማን ነበር?»

«ሚስትየዋና ልጅየው።»

«'ጀመሩ ወይ?' ስትዪ ምን አሉ?»

«ሦስቱም ዝም አሉ። ከዚያ እሳቸው 'ምዬበት የለም እንዴ?' አሉኝ። እኔም ሌላ ምክንያት ፍለጋ ሄድኩ። ቢነግሩኝ ኖሮ... ያን ዕለት ክኒኑን ቢያቆሙ፣ ወዲያው ሆስፒታል ቢተኙ፣ ምናልባት...»

ሳህሉ ስልኩን ዘግቶ አው ዐብዱልዋሲዕን ወደ ጎን ጠራቸው። አንድ ጥያቄ በጆሯቸው ጠየቃቸው። ሽማግሌው መለሱለት፤ መልሱን ሲሰጡ ግን የገዛ ቃላቸው አስደነገጣቸውና ግድግዳውን ያዙ።

ዙህር ሊደርስ ሲል ሁሉም አስከሬኑ ባለበት ክፍል ተሰበሰቡ። ወይዘሮ ሐዲያ ከባላቸው እግር ሥር፣ ኑሰይባ ደጃፉ ጋ፣ ማሒር ቆሞ፣ አው ዐብዱልዋሲዕ ከዘራቸውን ተደግፈው።

«ሰው ጠልቶ መርዞ ከሆነ» አለ ሳህሉ በዝግታ፣ «ቁጢው አንድ ቤት ይመር ነበር። አው ዐብዱልሐኪም ግን ሦስት ቦታ መረረኝ አሉ። ጠዋት ቤታቸው፣ ቀትር ላይ ልጃቸው ሱቅ፣ ማታ እህታቸው ዘንድ። ሦስት ጠላት በአንድ ሳምንት አይነሳም። ሦስት ወዳጅ ግን ሊነሳ ይችላል።»

ወደ ግድግዳው ሄዶ አቧራ የሌለባትን ሙዳይ አወረደ። ክዳኗን ሲከፍት ባዶ የክኒን ማሸጊያዎች ነበሩባት።

«እናቴ፣ የተጣለውን እሽግ ሲያጡት በወረቀቱ ሌላ ገዙ። ልክ ነኝ?»

ወይዘሮ ሐዲያ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። «በቀን አንድ ብቻ! ፈጭቼ፣ ቁጢው ላይ። እንዲኖርልኝ ብዬ!»

ማሒር ወደ እናቱ ዞረ። «አይ... አንቺም?»

«አንተም» አለ ሳህሉ። «ወረቀቱን በስልክህ አንስተህ ከሌላ ፋርማሲ ገዛህ። ኑሰይባ ደግሞ መግዛት አላስፈለጋትም፤ ከራሷ መድኃኒት እያካፈለች በነሐሷ ሙቀጫ ወቀጠችው። እያንዳንዳችሁ በቀን አንዲት ክኒን ሰጣችኋቸው። 'መረረኝ' ሲሉም እያንዳንዳችሁ የገዛ እጃችሁን ፈርታችሁ ዝም አላችሁ።»

«ሦስት ሆነች» አለች ኑሰይባ፤ ለራሷ ይመስላል። «ያ ረቢ፣ ሦስት ሆነች።»

«አራት» አለ ሳህሉ።

ሁሉም ቀና አሉ።

«የተወረወረውን እሽግ ማን አነሳው ብዬ ጠየቅሁ። አንዱ ሌላውን ጠረጠረ እንጂ አነሳሁ ያለ የለም፤ ሁላችሁም እውነታችሁን ነው። አው ዐብዱልዋሲዕ፣ በአላህ ስም የማለ ሰው መሐላውን ካፈረሰ ምን ያደርጋል?»

«ካፋራ ያወጣል» አሉ ሽማግሌው። «አሥር ድሃ ያበላል። ካልቻለ ሦስት ቀን ይጾማል። እሱ ደግሞ በስኳሩ የተነሳ አይጾምም።»

«አሥር እንጂ አሥራ አንድ አይደለም። ለዚህ ነው ያን ምስኪን 'ነገ ና' ያሉት። ካፋራቸውን አወጡና በማግሥቱ ጀመሩ። በልጃቸው ፊት ምለዋልና ተሸነፍኩ ማለት ከበዳቸው። ተደብቀው ወሰዱት።» ሳህሉ ክሩን ከግድግዳው አወረደ። «ይህ ዚክር አይደለም። አንድ ክኒን፣ አንድ ቋጠሮ። ከምሳው ማግሥት እስከ ትናንት ሠላሳ ስምንት ቀን ነው። እጃቸው ሲደክም ቋጠሮውም ላላ።»

ወዲያው ወደ መሣሪያዎቹ ጎንበስ አለ። ካልተጠረዙት የመጽሐፍ ቅጠሎች ሥር ያ የተወረወረው እሽግ፣ ማዕዘኑ የተጨራመተው፣ ወጣ።

ወይዘሮ ሐዲያ እጃቸውን ዘርግተው ክሩን ተቀበሉና ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ ይዳስሱ ጀመር።

«እኔን ብሎ ጀምሯል» አሉ። «ለምን አልነገረኝም? እኔስ... እኔስ መች ነገርኩት!»

«ታዲያ ገዳዩ ማነው?» አሉ አው ዐብዱልዋሲዕ። ከሳሽ ሆነው የመጡት ሰውዬ አሁን የሚለምኑ ይመስሉ ነበር።

ሳህሉ ብዙ ነፍሰ ገዳይ ይዟል፤ እጁን የት እንደሚያሳርፍ አጥቶ አያውቅም ነበር። «የሰማሁትን ለዐቃቤ ሕግ እጽፋለሁ፤ መጻፌ አይቀርም። የማስረው ሰው ግን አላየሁም። የሞቱበት ምክንያት ታውቋል፤ አዲስ አበባም አልልካቸውም። ቅበሩ።»

አዛን ሲሰማ ማሒር የአባቱን ቃሬዛ ፊት ለፊት ያዘ። ሳህሉ ጫማውን አድርጎ ወጣ።

ግንቡ ጥላ ሥር ሲደርስ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና የራሱን እሽግ አወጣ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አልከፈተውም። ክዳኑ ግን ተከፍቷል። ብርማው ማሸጊያ ላይ አንዷ ጉድጓድ ባዶ ናት።

አቦከር ሰፈር ያለው ቤቱ ሲገባ አስቴር ምሳ ታቀርባለች። እሽጉን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«አስቴር፣ አንድ ጎድሏል።»

እሷም ትሪውን እንደያዘች ቆመች።

«ሐሙስ ለት ነው» አለች። «ጃኬትህን ስሰቅል አገኘሁት። እንቢ ስላልከኝ ፈጨሁት። ሽሮህ ላይ ልነሰንስ እጄን ሁሉ አንስቼ ነበር። ከዚያ ፈራሁና ማጠቢያው ውስጥ ደፋሁት።»

«እውነትሽን ነው?»

«ልጆቻችንን!»

ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ልቡ ግን ወረደ። ያን ጊዜ ነው የገባው፤ መንገዱን ሁሉ ሲመጣ፣ አድርጋው ባገኛት ሲል ነበር። እሷ ወስናለት፣ እሱ ሳያውቅ ጀምሮት፣ ነገሩ ከእጁ ወጥቶለት ቢሆን። አሁን ክኒኗ እንደ ትናንቱ ፊቱ ተቀምጣለች።

«የዛሬው ሰውዬ በክኒኑ ነው የሞተው?» አለች አስቴር፤ ወሬው ቀድሞት ገብቷል።

«ክኒኑ አንድ ቢሆንማ፣ ሐኪሟም ብታውቅ... እንጃ። ሁሉም ሊያድነው ሲል ነው የሞተው።»

«አንተስ ትወስዳለህ?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አለችና ከጎኑ ተቀመጠች። «እንግዲያ ነገ አብረን ሄደን አናውቅም እንበላታ፤ ለሐኪሟ።»

ሳህሉ እሽጉን ወደ ኪሱ ሊመልሰው አነሳው፤ ተወው። ጠረጴዛው መሐል፣ ሁለቱም በሚያዩት ቦታ፣ ከጨው ዕቃው አጠገብ አስቀመጠው።