መብራት ሲጠፋ የሚነሳው ካርድ

እኔ ጂን፣ ዛር፣ ዓይነ ጥላ ሲባል ስቄ የማልፍ ሰው ነኝ፣ ቤተሰቦቼም "አንቺ ደረቅ" ይሉኛል፣ ስለዚህ ይህን ስነግራችሁ ሰምቼ ሳይሆን በዚህ ዓይኔ አይቼ ነው።

ጭሮ ውስጥ ጽሑፍ እየተየብኩ ነው የምኖረው። ኮምፒውተር ማንም አላስተማረኝም፣ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሲስተምም ከስልኬ ቪዲዮ እያየሁ ነው የለመድኩት፣ ከዚያ ወዲህ ሐሳቤ ክሪፕቶ ማይኒንግ ሆነ፣ ማለት ግራፊክስ ካርድ የሚባለው የኮምፒውተር ዕቃ ሒሳብ ሲፈታ እየዋለ ዲጂታል ሳንቲም እንዲያመጣልኝ። ካርዱን የሰጠችኝ የበደሳዋ ጫት ነጋዴ አዴ ፋጡማ ናት፣ ልጇ ውጭ ሲሄድ ትቶት የሄደውን። እኛ ጋ እንደሚደረገው በቃል ብቻ፣ "እስከ ቅዳሜ ሞክሪው፣ ከሠራ ያንቺ ነው፣ ካልሠራ ጉድለቱን ነግረሽ መልሺ፣ ሌላ ፈላጊ አለ" ብላ። ይሄ ካመለጠኝ ሌላ አላገኝም፣ እመኑኝ።

ዓርብ ከሰዓት ድራይቨሩን፣ ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ለሰባተኛ ጊዜ ጫንኩ። ማይኒንጉን ሳስነሳው "ካርድ አልተገኘም" አለኝ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ጋሽ ዘነበ ደጃፌ ላይ ቆመው፣

"ይቺ ማሽንሽ እስካሁን አልወለደችም? የኔ ስፌት መኪና ልትቀድማት ነው!"

"እርስዎ ቁልፍዎን ይትከሉ ጋሼ፣ እኔ ከዚህ አልነሳም።"

ስምንተኛውን ስጀምር መብራት ጠፋ፣ ስክሪኑ ጨለመ፣ ጋሽ ዘነበም እየተራገሙ ሄዱ። ጸጥ ሲል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፣ ዝንብ መስሎኝ ነበር፣ ጎንበስ ብዬ ባይ የካርዱ ማራገቢያ ይዞራል። የቀረ ጉልበት ይሆናል ብዬ ብጠብቅ ብጠብቅ አልቆመም። ሶኬቱን ነቀልኩ፣ ጭራሽ ፈጠነ! እግሬ ወደ በሩ አለ፣ እኔ ግን ወንበር ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ፣ ነገ ቅዳሜ ነዋ።

መብራት ሲመጣ ቆመ። ሶኬቱን ሰክቼ ማሽኑን አስነሳሁና ማይኒንጉ ሥራውን የሚጽፍበትን መዝገብ ከፈትኩ፣ መብራት ከጠፋበት ጀምሮ በየደቂቃው አንድ መስመር፣ ሁሉም "ተቀባይነት አግኝቷል" ይላል፣ ማለት ካርዱ የፈታው ሒሳብ በኢንተርኔት ደርሶ ተቆጥሯል። ኢንተርኔቱም አብሮ ጠፍቶ ነበር እኮ! ደግሜ ሞከርኩ፣ "ካርድ አልተገኘም"።

ቅዳሜ በደሳ ሄድኩ።

"ሠራልሽ?" አለችኝ አዴ ፋጡማ።

ጉድለቱን ምን ብዬ ልንገራት? "ሠርቷል፣ አዴ" አልኳት።

"አልሐምዱሊላህ! ታዲያ ፊትሽ ምነው?"

"እንቅልፍ ነው።"

"ልጄም እንደዚያ ነበር የሚለኝ" አለችና ወደ ጫቷ ዞረች።

ካርዱ እኔው ጋ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ይዞራል፣ መስመሮቹም ይጨምራሉ፣ ሳንቲሙ የሚገባበት የኔ ሒሳብ ግን እስካሁን ባዶ ነው። ለማን እንደሚሠራ አላወቅኩም፣ እስካውቅ ድረስ ግን አልነቅለውም።